ለጉልበቴ ሊቀመንበር

ለክቡር ሐጂ ሙሐመድዘይን፣
የቦርከና ዳር እግር ኳስ ክለብ የቦርድ ሊቀመንበር፣
ከሚሴ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ክቡር ሐጂ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰቡስ፣ ከብቱስ፣ ጨፋ ያለው ማሽላዎስ እንዴት ከረመ? በተለይ ደግሞ ጉልበትዎ እንዴት ነው? ይህን የመጨረሻውን የጠየቅሁት ለወግ ያህል አይደለም፤ ምክንያቱን ወደ ታች ሲወርዱ ያገኙታል። አላህ ሁለቱንም ጉልበትዎን ይጠብቅልዎት፤ ደረጃ ሲወጡም ሲወርዱም ያበርታዎት፤ በሰላት ላይ ግንባርዎን መሬት ባስነኩ ቁጥር ያለ ሰው እርዳታ የሚነሱ ያድርግዎት። እኔም አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ደህና መሆኔን ሲሰሙ ስለሚሰማዎት ቅሬታ ግን ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ይህን ደብዳቤ በእጅዎ መስጠት ሲገባኝ በደጋፊዎች የቴሌግራም ገጽ ላይ ለሕዝብ ማውጣቴ ድፍረት መስሎ እንዳይታይብኝ እለምናለሁ። በቃል ስነግርዎት ሳቁ። ሰው ስልክብዎት የላክሁትን ሰው ምሳ ጋብዘው መለሱት፤ ሰውየውም ጠግቦ መጥቶ ስለ እርስዎ ደግነት አወራልኝ። ደግሞም ጉልበቴ የሕዝብ ሀብት ነው ብለው በአደባባይ የተናገሩት እርስዎ ራስዎ ስለሆኑ፣ የሕዝብን ሀብት ጉዳይ ከሕዝብ ደብቆ መጻፍ ተገቢ አልመሰለኝም።

ለማያውቁኝ አንባቢዎች፣ ኸይረዲን እባላለሁ፤ የክለቡ ስምንት ቁጥር፣ የመሐል ሜዳ ተጫዋች ነኝ። ያደግሁት ጨፋ ሮቢት ነው፤ ኳስም የጀመርሁት እዚያው፣ በገበያ ቀን ከብት በሚቆምበት ሜዳ ላይ ነው። ዕድሜዬን የጨረስሁት በሊጉ የመጨረሻ እርከን፣ ከዚያ በታች ሌላ መውረጃ በሌለበት ቦታ ነው። ቁርጭምጭሚቴ ዞሯል፣ ብሽሽቴ ተስቧል፣ የጭኔ ጡንቻ ተበጥሷል፣ ትከሻዬ ወልቆ ተመልሷል፤ የቀኝ ጉልበቴ ደግሞ ስንት ጊዜ ሄዶ እንደተመለሰ መቁጠሩን ትቼዋለሁ። ሐጂ፣ አንድ ቀን ዲኤስቲቪ ቤት ከፊት ወንበር ተቀምጠው፣ እንግሊዝ አገር በታችኛው ሊግ ውስጥ እንደ እኔ አንድ ቀን ተጫውቶ ወር የሚተኛ አማካይ አለ ብለው አጫውተውኝ ነበር። ያ ሰው ሲጎዳ ክለቡ ሐኪም እንደሚመድብለት፣ እስኪድን እንደሚያሳርፈው፣ ደጋፊው ግን «ይኼ ሰባራ!» እያለ እንደሚሰድበው ሲነግሩኝ ከልቤ ቀናሁበት። መሰደብ እንዴት ያለ ጸጋ ነው! እኔ ስወድቅ ይጨበጨብልኛል።

ነገሩ የተጀመረው በደግ ቃል እንደሆነ እርስዎም ያውቃሉ። ክለቡን በተቀላቀልሁበት ዓመት፣ ከደጋ የመጣ ቡድን አንድ ለዜሮ እየመራን ሳለ ጉልበቴን ይዤ ወደቅሁ። ተሸክመው ሲያወጡኝ ሁለት ጎል ተከታትሎ ገባና አሸነፍን። በማግስቱ ሼህ ሙሀመድኑር ሊጠይቁኝ መጡ። እሳቸው የታመመ ሰው ቤት ባዶ አፋቸውን የማይገቡ ደግ አባት ናቸውና ራሴን እየዳበሱ «አይዞህ ልጄ፣ የቡድኑን ክፉ ነገር ይዞ ሄደ፤ ሰደቃ ሆነ በለው» አሉኝ። ይህ ቃል ብርጭቆ ሲሰበር፣ ዶሮ ሲሞት ለቤቱ ባለቤት የሚባል ማጽናኛ ነው። እናቴም «አሚን» ብላ አለፈችው። እርስዎ ግን ከፍራሹ ጫፍ ተቀምጠው ነበርና ቃሉን እንደ መተዳደሪያ ደንብ ይዘውት ወጡ። በሚቀጥለው ጨዋታ እየተመራን በሰባኛው ደቂቃ፣ ገና በቅጡ ባልዳነ እግሬ አስገቡኝ። ወደቅሁ። አሸነፍን። ከዚያ ወዲያ የኸይረዲን ጉልበት ከራማ አለው፣ ሲወድቅ ድል ያመጣል ተባለ፣ በቃ!

ወድቄም የተሸነፍንባቸውን ጨዋታዎች የሚያስታውስ ሰው ከሚሴ ውስጥ የለም። አንድ ሁለቱን ባስታውስዎት «ያን ቀን በደንብ አልወደቅህም» አሉኝ። ሼህ ሙሀመድኑር ራሳቸው መስጊድ በር ላይ ቆመው «ኧረ ወላሂ እኔ ለማጽናናት ብዬ ነው!» እያሉ ሲምሉ፣ ሰዉ «ሼሁ ከትሕትናቸው ነው እንዲህ የሚሉት» እያለ ጭራሽ እጃቸውን ሳማቸው። እሳቸውም እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ቃል ውስጥ ታስረን ቀርተናል።

እርስዎ ስብሰባ በተራ ቁጥር ካልሆነ እንደማይወዱ ስለማውቅ፣ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ባለፈው የውድድር ዘመን መዝጊያ ላይ ስለተበረከተልኝ ሽልማት እስካሁን በሚገባ አላመሰገንሁም። ለኮከብ ጎል አግቢው ዋንጫ፣ ለበረኛው ጓንት ሲሰጥ፣ ለእኔ በታላቅ ጭብጨባ አዲስ ቃሬዛ ተሰጠኝ። ሸራው አረንጓዴ ነው፤ በጎኑ ስሜ በነጭ ቀለም በትልቁ ተጽፎበታል። ባለቤቴ ዓዲላ፣ አራት ሰዎች ስሜ ያለበትን ቃሬዛ ተሸክመው ወደ ግቢያችን ሲገቡ ባየች ጊዜ የጮኸችውን ጩኸት እርስዎም ሰምተውታል፤ ጎረቤቱ ሁሉ ሥራውን ጥሎ ለጀናዛ ወጥቶ ነበር። እኔ ከኋላ እያነከስሁ ስደርስ ሁሉም ተሳሳቀ፤ ዓዲላ ብቻ አልሳቀችም። ክለቡ ማስቀመጫ ቦታ የለኝም ስላለ ቃሬዛው እስከ ትናንት ድረስ መኝታ ቤታችን ግድግዳ ላይ ተደግፎ ይኖር ነበር። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ የማየው እሱን ነበር። ጀዛከላሁ ኸይር፣ ሐጂ፣ ስንቱ ሰው መሸከሚያውን በቁሙ ያያል?

ሁለተኛ፣ ከሚሴ ውስጥ ጤንነቱ መጥፎ ዜና የሆነ ብቸኛ ሰው ስላደረጉኝ አመሰግናለሁ። ባጃጅ ስሳፈር ሹፌሩ በመስታወት እያየኝ «ጉልበትህ እንዴት ነው?» ይለኛል። «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው» ካልሁት ፊቱ ይጠቁራል። «ኧረ ትንሽ ያመኛል» ካልሁት ግን «ማሻአላህ!» ብሎ መንዙማ ይከፍትልኛል። ገበያ ውስጥ ሽንኩርት የምትሸጠው እትዬ ረቢአ አንድ ዓርብ ቀን ቀጥ ብዬ ስራመድ አየችኝና «ምነው ልጄ፣ እንዲህ ቀጥ ብለህ? እሑድ ጨዋታ የለንም እንዴ?» ብላ በሰው ፊት ተቆጣችኝ። እትዬ ረቢአ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ስተኛ መጀመሪያ ሾርባ ይዛ የምትመጣው እሷ ናት። እንግዲህ ሰው እንዳይከፋው ብዬ ገበያ ስወጣ ማነከስ ጀመርሁ። በደህናው እግሬ ሁሉ እያነከስሁ፣ የትኛው እንደታመመና የትኛው እንደሚዋሽ ለራሴ የጠፋኝ ቀን አለ።

እዚህ ላይ ሰባኛውን ደቂቃ ሳላነሳ ባልፍ ውለታ ቢስ እሆናለሁ። ሰዓቱ ሲደርስ አሰልጣኙ ወደ እርስዎ ያያል፤ እርስዎ ራስዎን ይነቀንቃሉ፤ እኔ ሹራቤን አወልቃለሁ፤ ያ ሁሉ ሕዝብ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ «ኩፊ! ኩፊ!» ይላል። ከሌላ አገር ለሚያነቡ ወዳጆች፣ በኦሮምኛ «ውደቅ! ውደቅ!» ማለት ነው። አብረውኝ የተማሩት ይላሉ፤ አጎቴ ይላል። ቤታችን ከሜዳው አጥር ብዙ ስለማይርቅ ዓዲላ ድምፁን ሰምታ ውኃ ትጥዳለች፤ ጨው ታዘጋጃለች። የጎል ጩኸትና የእኔ ጩኸት ይለያያል አለችኝ። የእኔው ይበልጣል።

ሦስተኛ፣ ስለ መልቀቂያዬ። አንድ ነገር ልመስክርልዎት፤ መልቀቂያ በጠየቅሁ ቁጥር እምቢ ብለውኝ አያውቁም። እምቢ ቢሉኝማ እቆጣ ነበር፣ እከስ ነበር፣ ወደሚመለከተው ክፍል እሄድ ነበር። እርስዎ ግን ሽማግሌ ይልካሉ። ነጭ ጀለቢያ የለበሱ፣ ከዘራ የያዙ፣ ግማሾቹ እኔን አቅፈው ያሳደጉ አባቶች በጠዋት ደጃፌ ላይ ይሰለፋሉ። «ግቡ» እላለሁ፤ ይገባሉ። «ተቀመጡ» እላለሁ፤ «እሺ ካላልኸን አንቀመጥም» ይላሉ። ሐጂ፣ ዕድሜ የጠገበ ሽማግሌ ከዘራውን ተደግፎ እግሩ ሲንቀጠቀጥ እያየ «እምቢ፣ ጉልበቴን ያመኛል» የሚል ልጅ ወሎ አልወለደችም። እሺ እላለሁ። ይቀመጣሉ። ከዚያ ይመርቁኛል፤ ምርቃቱም «ከዚህ የባሰ አያምጣብህ» የሚል ነው።

የመጨረሻውን ውል የፈረምሁትማ እግሬ በጀሶ ታስሮ ትራስ ላይ ተሰቅሎ ሳለ ነው። እስክሪብቶውን እርስዎ አስያዙኝ፤ ሽማግሌዎቹ እንደቆሙ ነበሩ፤ ሴቶቹ ከጓሮ እልል አሉ። በሠርጌ ቀን እንኳ እንዲያ አልተባለልኝም። ሐጂ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ ይህ በሩ ያልተቆለፈ እስር ቤት ነው። ልውጣ ስል በሩ ላይ ቆሞ የማገኘው ሁሉ የሚወደኝ ሰው ነው። ጠላት ቢያስረኝ ይሻለኝ ነበር፤ ጠላትን ገፍትሮ ማለፍ ይቻላል።

አራተኛ፣ ባለፈው ወር በሜዳችን ስላደረስሁት በደል ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ቆሜ በመጨረሴ ማለቴ ነው። የተጋጣሚያችን አሰልጣኝ ወሬውን ሰምቶ ኖሯል፤ «ስምንት ቁጥርን የነካ ወዮለት! ሊወድቅም ቢል ደግፉት» ብሎ አዝዞ ነበር። በሰባኛው ደቂቃ ገባሁ፤ ሰዎቹ ሸሹኝ። ኳስ ይዤ ስሄድ መንገድ ይለቁልኛል። አንድ ጊዜ ሣሩ አደናቀፈኝና ወደ ፊት ስንደረደር የእነሱ ተከላካይ ክንዴን ይዞ አቃናኝና «ቀስ በል፣ ወንድሜ» አለኝ። አጃኢብ ነው! ያን ቀን፣ ሐጂ፣ ኳስ ተጫወትሁ። ከብት በሚቆምበት ሜዳ ላይ ሆኜ በልጅነቴ የተመኘሁትን፣ ቀና ብዬ እያየሁ፣ ጉልበቴን ረስቼ፣ ኳሷን ወደምፈልግበት እየላክሁ ተጫወትሁ። አጥቂያችንን ባዶ ጎል ፊት ለፊት ሁለት ጊዜ አቆምሁት፤ ሁለቱንም ወደ ቦርከና ወንዝ ሰደዳቸው። አቻ ወጣን። ሕዝቡም ሳያጨበጭብ መውጣት ጀመረ። እርስዎ ከክብር መቀመጫዎ ወርደው «ምነው ቆምህብን?» ያሉኝን ቃል መቼም አልረሳውም።

ከሜዳ በእግሬ ወጥቼ በእግሬ ቤቴ ስገባ የተከተለኝ ሰው አልነበረም። በማግስቱም ሊጠይቀኝ የመጣ የለም፤ ምን ሊጠይቀኝ? ዓዲላ ብቻ በር ላይ ቆማ ስመጣ አየችኝ። ውኃው ተጥዷል፣ ጨዉ ተዘጋጅቷል፣ እኔ ግን ደህና ነኝ። ተቀምጣ አለቀሰች። ከተጋባን ጀምሮ እሑድ ማታ በሁለት እግሬ የገባሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

አምስተኛ። ከዚያ በኋላ በነበረው ሳምንት፣ ለማንም ሳልናገር ሚኒባስ ይዤ ለምርመራ ደሴ ሄድሁ። ሐኪሟ የጉልበቴን ፎቶ ብርሃን ላይ አድርጋ አየችና «ሥራህ ምንድን ነው?» አለችኝ። «እወድቃለሁ» አልኋት። አልሳቀችም። ጅማቱ በክር ያህል ተይዟል፤ ካረፍህና ከታከምህ ይታጠፋል፤ አንድ ጊዜ ደግመህ ከወደቅህበት ግን ዕድሜህን ሙሉ እንጨት ይሆናል አለችኝ። እኔ ይህን እየሰማሁ ሳለ ክለባችን እዚህ በሜዳችን ሦስት ለዜሮ አሸነፈ። ያለ እኔ! በስልክ ስሰማ ከደስታዬ የተነሳ ኮሪደሩ ላይ ሹክራን ሊላሂ ብዬ ጮህሁ፤ ነፃ የወጣሁ መስሎኝ ነበር።

ምን ያደርጋል! እርስዎ ጨዋታው ሳያልቅ ድምፅ ማጉያ ይዘው «ወንድማችን ኸይረዲን ደሴ ሆስፒታል ደረጃ ላይ ወድቆልናል!» ብለው አውጀው ኖሯል። ከሚኒባስ ስወርድ መናኸሪያው ሰው ሞልቶታል፤ ቃሬዛውም መጥቷል። «አልወደቅሁም! ወላሂ አልወደቅሁም!» አልሁ። «አይ ኸይረዲን፣ ሁልጊዜ ከትሕትናው!» ተባለና ተጫንሁ። ለሦስት ቀን ያህል ባልወደቅሁበት ተኛሁ። ወተት መጣ፣ ተምር መጣ፣ ዱዓ ተደረገ። ወጌሻችን ከማል እንኳ ያልተነካውን ጉልበቴን ሊያሽ መጥቶ ቅባቱ ትናንት አለቀብኝ አለ። ያለ እኔ በማን ጉልበት ላይ እንደጨረሰው ብጠይቀው ወሬውን ወደ ዝናቡ አዞረው። ያኔ ነገሩ አልገባኝም ነበር።

ስድስተኛውና የመጨረሻው የፊታችን እሑድ ጉዳይ ነው። በምድቡ የምንቆየው ወይም የምንበተነው እሑድ በምንጫወተው ጨዋታ እንደሆነ አውቃለሁ። ለዚህም ነው ባለፈው ሰሞን ቤቴ ድረስ መጥተው፣ ዓዲላ ወደ ጓዳ እስክትገባ ጠብቀው፣ በዚያ በሚያምር ድምፅዎ «ልጄ፣ ተጋጣሚ የማይነካህ ከሆነ፣ በገዛ እግርህ ትንሽ ብትወድቅልን ምን ይለዋል? ትንሽ ብቻ» ያሉኝ። ሐኪሟ ያለችውን ነገርሁዎት። «አላህ ያውቃል እንጂ ሐኪም ምን ያውቃል» አሉኝ። እሺ፣ አስመስዬ ልውደቅ አልሁዎት። «የውሸት ውድቀት ከራማ የለውም» ብለው ተቆጡኝ። ክለቡ ከምን ጊዜም በላይ ለሐቀኝነት የቆመው በእኔ ጉልበት ላይ ነው፤ በዚህ እኮራለሁ።

ሐጂ፣ አሁን ሳቁን ልተወው። እኔ ሠላሳ ዓመቴ ነው። ሰላት የምሰግደው በወንበር ነው። መስጊድ ውስጥ ቦታዬ ከኋላ፣ ወንበር ከያዙት አዛውንቶች ጋር ነው፤ አጠገቤ የሚቀመጡት አባት የወገባቸውን ቅባት ያካፍሉኛል፤ ስለ መገጣጠሚያ ሕመም ምክር ይሰጡኛል። ደጃፌ ላይ አንቀመጥም እያሉ የሚቆሙት እነዚያ ሽማግሌዎች ከፊቴ ሱጁድ ወርደው፣ አልሐምዱሊላህ፣ ተነስተው ይቆማሉ። እኔ የእነሱን ውስጥ እግር እያየሁ ወንበሬ ላይ አንገቴን ደፋ አደርጋለሁ። ግንባሬን መሬት ማስነካት እፈልጋለሁ፣ ሐጂ። ሌላ ምንም አልፈልግም። ሐኪሟ ይቻላል ብላኛለች። እርስዎ ትንሽ ብቻ ብለው የሚለምኑኝ ያቺን ሱጁድ ነው። እሷን ልሰጥዎት አልችልም፤ የእኔም አይደለችምና።

እፈራለሁ። ይህንንም ሰው ይወቅልኝ። እሑድ ሽማግሌዎቹ መጥተው ቢቆሙብኝ እሺ እንዳልል እፈራለሁ። ሕዝቡ «ኩፊ» ሲል እግሬ ራሱ ለምዶት እንዳይታዘዝ እፈራለሁ። ስለዚህ ነው ከወዲሁ፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ፣ በጽሑፍ የምናገረው፤ እሑድ አልገባም፤ አልወድቅም፤ መልቀቂያዬን ስጡኝ። ጨፋ ሮቢት ላይ ልጃገረዶችን ኳስ እንዳሠለጥን ጠይቀውኛል፤ አሠልጣኝ ደግሞ ተቀምጦም መጮህ ይችላል።

በተረፈ ስላሳዩኝ የማያልቅ ፍቅር፣ ስላሸከሙኝ ክብር፣ ስላሸለሙኝ ቃሬዛና ከእኔ ጤና በላይ ስላሰቡለት ስለ ጉልበቴ ከልብ እያመሰገንሁ፣ አላህ በዕድሜና በአጥንት ያበርታዎት፤ የወደዱትን ሰው እንደ ወደዱኝ አያስወድድዎት እላለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ለጊዜው በሁለት እግሩ የቆመው ትሑት ወዳቂዎ፣
ኸይረዲን፣ ስምንት ቁጥር የነበረው።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ትቼው ነበር፤ ነገር ግን ከሕዝብ እውነት መደበቅ ሐራም መሰለኝ። ወጌሻችን ከማል፣ አላህ እጁን ይባርክለትና፣ ሆዱ ምስጢር አይችልም። ትናንት ተናዘዘልኝ። እኔ ደሴ በነበርሁበት፣ ሦስት ለዜሮ ባሸነፍንበት ቀን፣ ጨዋታው ሊጀመር ሲል ከክብር መቀመጫው ደረጃ ላይ አዳልጦዎት በቀኝ ጉልበትዎ ወድቀው ኖሯል። ማንም እንዳይሰማ አስምለውት መኪናዎ ውስጥ ሆኖ ሲያሽዎት ነው ቅባቱ ያለቀው። የመጀመሪያው ጎል የገባውም ከማል ገና እጁ ጉልበትዎ ላይ ሳለ ነው።

እንግዲህ ሐጂ፣ እንኳን ደስ አለዎት፤ ከራማው ቤት ቀይሯል። ያውም እንደ እኔ በአንድ ጎል አይደለም፣ ሦስት ለዜሮ ነው! ቃሬዛውን ዛሬ ጠዋት ወደ ቢሮዎ ልኬዋለሁ፤ ስሜን አስፍቄ ስምዎን አስጽፌበታለሁ፤ ቀለሙ እስኪደርቅ አይንኩት። እሑድ እየተመራን ሰባኛው ደቂቃ ሲደርስ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ ወደ ክብር መቀመጫው ይዞራል፤ ምን እንደሚል ያውቁታል። የውሸት ውድቀት እንደማይቆጠር ለሕዝቡ ያስተማሩት እርስዎ ነዎትና እሱን አላስታውስዎትም።

ነገ ጠዋት ሽማግሌዎቹ ደጃፍዎ ይመጣሉ። «ተቀመጡ» ቢሏቸው፣ እሺ ካላሏቸው አይቀመጡም። እኔም ከኋላቸው እኖራለሁ። ለመቆም እንኳ ጉልበቴ ይበቃኛል።